ብርጭቆ ላይ ያሸነፈው ዱቄት ዳይፐር ውስጥ ለምን ይሸነፋል?

ጥያቄው የመጣው ገላን አካባቢ ሼድ ተከራይተው የሕፃናት ዳይፐርና ሞዴስ ማምረት ከጀመሩ ሦስት ጓደኛሞች ነው። በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ውሃ የሚመጠውን ዱቄት ከሁለት አቅራቢዎች ናሙና አስመጣን። ብርጭቆ ውስጥ በቧንቧ ውሃ ስንፈትናቸው ርካሹ በፍጥነትም በመጠንም በለጠ። እሱን ገዝተን ማምረት ስንጀምር እናቶች በልጁ ጭን በኩል ያፈሳል እያሉ ያማርሩ ጀመር። ከዘመድ ልጅ ላይ የወለቀ ዳይፐር ቀድደን ስናይ ጠርዙ ርሷል፣ መሃሉ ላይ ያለው ዱቄት ግን ግማሹ ደረቅ ነው። ምን ሆኖ ነው? ደግሞስ የውጭ ምንዛሪያችንን የሚበላው ዋናው ነገር ይህ ዱቄት ስለሆነ፣ አክሪሊክ አሲድና ኮስቲክ ሶዳ አምጥተን እዚሁ ሼዳችን ውስጥ ብንሠራውስ? ሌላው፣ ወለል ላይ የሚፈሰው ዱቄት አስቸግሮናል፤ ባጠብነው ቁጥር ይብስበታል።»

የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ጊዜ ስለማይሰጥ በቅድሚያ ልናገረው፦ አክሪሊክ አሲድ በበርሜል ለማዘዝ ተነጋግራችሁ ከሆነ አቁሙት። ምክንያቱን ወደ ታች በሰፊው እጽፋለሁ። ግን ዱቄቱ እንዴት እንደሚሠራ ካልተረዳን ለምን እንደከለከልኳችሁም ግልጽ አይሆንም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ጥያቄ እንነሳ።

ይህ ዱቄት በኬሚስትሪ ስሙ ሶዲየም ፖሊአክሪሌት ነው። በንግዱ ሳፕ ይሉታል፤ እኔም እንዲሁ እለዋለሁ። እያንዳንዱ ቅንጣት ፖሊመር በሚባሉ ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች የተሞላ ነው። በየሰንሰለቱ ላይ አሉታዊ ቻርጅ የያዙ ቡድኖች ተጠጋግተው ተደርድረዋል፤ አጠገባቸው አዎንታዊ ቻርጅ ያላቸው የሶዲየም አዮኖች አሉ። ውሃ ሲደርስባቸው ሶዲየሞቹ ከቦታቸው ይላቀቃሉ፤ ሰንሰለቱ ስለሚስባቸው ግን ከቅንጣቱ ወጥተው መሄድ አይችሉም። ስለዚህ በቅንጣቱ ውስጥ ያለው የአዮን ክምችት ከውጭው ይበልጥና በኦስሞሲስ ምክንያት ውሃው ወደ ውስጥ ይገባል። ሰንሰለቶቹ ነጻ ቢሆኑ ኖሮ ሟሙተው የሚያዝለገልግ ፈሳሽ በሆኑ ነበር። ይህን የሚከለክለው እዚህም እዚያም አንዱን ሰንሰለት ከሌላው ያስተሳሰረው ክሮስሊንክ ነው። ውሃው ይገፋል፣ ማሰሪያው ይወጠራል፣ ሁለቱ ኃይሎች ሲተካከሉ እብጠቱ ይቆማል። ይህን ሚዛን በቀመር ካስቀመጡት ዋነኛው አሜሪካዊው ኬሚስት ፖል ፍሎሪ ነበር፤ በፖሊመር ሥራው እ.ኤ.አ. በ1974 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይወጣል። ሁለቱም ብርጭቋችሁን ይመለከታሉ።

የመጀመሪያው ጨው ነው። ውሃው የሚገባው በውስጥና በውጭ ባለው የአዮን ልዩነት ምክንያት ከሆነ፣ ውጭ ያለው ፈሳሽ ራሱ ጨዋማ ሲሆን ልዩነቱ ይጠብባል፣ መጠጣውም አብሮ ይወርዳል። ተራ ሳፕ በተጣራ ውሃ ውስጥ ከራሱ ክብደት ብዙ መቶ እጥፍ ይይዛል፤ 0.9 በመቶ ጨው ባለበት ውሃ ውስጥ ግን ወደ 50 እና 60 እጥፍ ይወርዳል። በሴንትሪፉጅ ተሽከርክሮ ልቅ የሆነው ፈሳሽ ከወጣለት በኋላ የሚቀርለት 30 እጥፍ ገደማ ነው። ካልሲየምና ማግኒዚየም ደግሞ ከሶዲየም የከፉ ናቸው። አንዱ አዮን ሁለት ቻርጅ ስላለው ሁለት ቦታ ይዞ ሰንሰለቶቹን ያጣብቃል። የጉድጓድ ውሃ ስትጠቀሙ አንድ ቀን ከሌላው ቀን የተለየ ውጤት የምታገኙትም ለዚህ ነው። ሽንት ጨው አለበት፤ ስለዚህ በቧንቧ ውሃ የተደረገ ውድድር ዳይፐር ውስጥ ስለሚሆነው ነገር የሚነግራችሁ በጣም ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ክብደት ነው። ብርጭቆ ውስጥ ማንም አይቀመጥበትም። ሕፃኑ ግን ይቀመጣል፣ ይተኛል፣ በእናቱ ጀርባ ላይ ይታዘላል። ሲታዘል ዳይፐሩ በእናትየው ጀርባና በልጁ አካል መካከል ተጨፍልቆ ለሰዓታት ይቆያል። ብዙ የውጭ አቅራቢዎች ይህን አጠቃቀም አስበው አይመስለኝም፤ እናንተ ግን ልታስቡበት ግድ ነው። በማሰሪያ የሳሳ ቅንጣት በነጻ ሲተዉት ብዙ ይጠጣል፣ አብጦ ግን ለስላሳ ይሆናል። ክብደት ሲያርፍበት ተጨፍልቆ ከጎረቤቱ ጋር ይጣበቃል፤ በቅንጣቶቹ መካከል የነበረው ክፍተት ይደፈናል፤ ከኋላ የሚመጣው ፈሳሽ መተላለፊያ ያጣል። ገንፎ የገነፋ ሰው ይህን በዓይኑ አይቶታል፦ ዱቄቱ ባንዴ የፈላ ውሃ ላይ ሲወድቅ ውጩ በስሎ ይዘጋና ውስጡ ደረቅ ዱቄት ሆኖ ይጓጉላል። በባለሙያዎች ዘንድ ይህ ጄል ብሎኪንግ ይባላል። ቀድዳችሁ ያያችሁት መሃል ላይ የቀረ ደረቅ ዱቄት ይኸው ነው። ፈሳሹ መግቢያ ሲያጣ ዳር ዳሩን ይዞ በጭን በኩል ወጣ።

እንግዲህ የምትገዙት ነገር «ስንት እጥፍ ይጠጣል» የሚለው ቁጥር ሳይሆን የቅንጣቱ አሠራር ነው፤ መጠኑ፣ ውስጡና በተለይ ቆዳው፣ ማለትም የውጭ ገጹ። አሠራሩን ለመረዳት ፋብሪካው ውስጥ እንግባ።

በትልልቅ ፋብሪካዎች የሚዘወተረው መንገድ ይህ ነው። አክሪሊክ አሲድ በኮስቲክ ሶዳ ይገራል፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። ከመቶው የአሲድ ቡድን ከ65 እስከ 75 የሚሆነው ብቻ ወደ ሶዲየም ጨው ይለወጣል። ይህም የመጨረሻው ጄል ለቆዳ በሚስማማ፣ በመጠኑ ወደ አሲድ ባዘነበለ ደረጃ ላይ እንዲቆይ ያደርጋል። ውህዱ አብዛኛው ውሃ ሲሆን ሞኖመሩ፣ ማለትም ገና ወደ ሰንሰለት ያልተቀጣጠለው ነጠላ ሞለኪውል፣ ከ30 እስከ 40 በመቶ ነው። ሰንሰለቶቹን የሚያስተሳስር በጣም ጥቂት ክሮስሊንከር ይጨመርበታል፤ ከዚያ የተሟሟ ኦክስጅኑ በናይትሮጅን ይባረርና ፐርሰልፌትን በመሰለ ማስጀመሪያ ፖሊመራይዜሽኑ፣ ማለትም ነጠላዎቹ ወደ ሰንሰለት መቀጣጠላቸው፣ ይነሳል። ይህ የሚሆነው በሚሄድ ቀበቶ ላይ ወይም እየፈጨ በሚያቦካ ማሽን ውስጥ ነው። የሚወጣው ለምለጭ የሚል፣ እንደልብ የማይቆረጥ ላስቲክ መሰል ጄል ነው። ይከተፋል፤ በ150 እና በ200 ዲግሪ መካከል ባለ ትኩስ አየር ይደርቃል፤ በሮለር ወፍጮ ይፈጫል፤ ይነፋል። ለዳይፐር የሚፈለገው በአብዛኛው ከ150 እስከ 850 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) ያለው ነው። ከዚያ የላመው ብናኝ ተመልሶ ወደ ጄሉ ይገባል።

ሌላም መንገድ አለ፦ የሞኖመሩን ውህድ በሄፕቴን ወይም በሳይክሎሄክሴን ውስጥ በጠብታ በትኖ ፖሊመር ማድረግ። ቅንጣቶቹ ድቡልቡል ሆነው ይወጣሉ፣ መፍጨትም አያስፈልግም። ነገር ግን በቶን የሚቆጠር ተቀጣጣይ ሟሚ መያዝና መልሶ ማጣራት ይጠይቃል። ለእናንተ አይሆንም፤ አልፈዋለሁ።

እስከዚህ ድረስ የተሠራው ዱቄት ብርጭቆ ላይ የሚያሸንፈው ዱቄት ነው። አምራቹ ክሮስሊንከሩን ከቀነሰ ብዙ የሚጠጣ፣ ነገር ግን ልፍስፍስ ቅንጣት ያገኛል፤ ካልታሰሩት ሰንሰለቶችም ሟሙተው የሚወጡት ይበዛሉ፣ ዳይፐሩን ስትነኩት እጃችሁን የሚያሟልጨው እሱ ነው። ከጨመረ ደግሞ ክብደት የሚችል፣ ግን ትንሽ የሚጠጣ ይሆንበታል። አንዱን ሲያነሱ ሌላው ይወድቃል። ኢንዱስትሪው ከዚህ አጣብቂኝ የወጣው ቅንጣቱን በሁለት ደረጃ በማሰር ነው፦ ውስጡን ላላ አድርጎ፣ ገጹን ብቻ ጠበቅ አድርጎ። ደርቆና ተነፍቶ ባለቀው ዱቄት ላይ ሌላ ዓይነት አስተሳሳሪ፣ ለምሳሌ ኤቲሊን ካርቦኔት ወይም የግላይሲዲል ውህድ፣ በጥቂት ውሃ ተበጥብጦ ይረጫል፤ ከዚያ እንደ አስተሳሳሪው ዓይነት እስከ 200 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ለአስርት ደቂቃዎች ይበስላል። አስተሳሳሪው ወደ ውስጥ ጠልቆ ሳይገባ ገጹ ላይ ብቻ መያዝ አለበት። ውሃው ከበዛ ዱቄቱ ይጓጉላል፤ ካነሰ አይዳረስም፤ ሙቀቱ ካለፈ መጠጣው ይሞታል፣ ቀለሙም ይበልዛል። በእኔ እምነት የሳፕ አምራች ሙያ የሚለካው እዚህ ላይ ነው። ፖሊመሩን መሥራት ማንኛውም የተማሪ ላብራቶሪ ይችለዋል፤ ቆዳውን ቀን ከቀን አንድ ዓይነት አድርጎ ማውጣት ግን የዓመታት ልምድ ይጠይቃል።

ይህ እርምጃ ጊዜም ኃይልም ስለሚፈጅ ርካሽ ዱቄት ላይ ሊዘለል ወይም በችኮላ ሊሠራ ይችላል። ያን ጊዜ ዱቄቱ በነጻ ውሃ ውስጥ የባሰ ጎበዝ ይመስላል፣ ምክንያቱም ቆዳው ራሱ ከነጻ መጠጣው ላይ የተወሰነ ይቀንሳልና። ፍጥነቱም ያሳስታል፤ ብናኝ የበዛበት ዱቄት የገጽ ስፋቱ ትልቅ ስለሆነ ቶሎ ይውጣል፣ ከሁሉ ቀድሞ የሚጓጉለውም እሱ ነው። የእናንተ ፈተና ሳታውቁት ያለ ቆዳ የተሠራውንና ብናኝ የበዛበትን ዱቄት እየመረጠ ነበር።

ታዲያ እንዴት ትፈትኑ? ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ፈሳሹን ከፋርማሲ ግዙ፤ ለሕሙማን የሚሰጠው ሳላይን በትክክል 0.9 በመቶ ነው፣ የሳፕ መለኪያዎችም የሚጠቀሙት ይህንኑ መጠን ነው። የወጥ ጨው በቤት ውስጥ ከመበጥበጥ ይሻላል፤ ከጨው ሐይቅ የወጣ ጨው ካልሲየምና ማግኒዚየም ሊኖርበት ስለሚችል ውጤቱን ያዛባዋል።

ለመጀመሪያው ልኬት 0.2 ግራም ዱቄት ባዶ የሻይ ከረጢት ውስጥ አድርጋችሁ አፉን አሽጉ፤ 30 ደቂቃ ሳላይን ውስጥ ንከሩት። መደበኛው አሠራር ከዚያ በኋላ በ250 ጂ ኃይል (የመሬት ስበት 250 እጥፍ) ለ3 ደቂቃ በሴንትሪፉጅ ያሽከረክረዋል። ሴንትሪፉጅ ከሌላችሁ ሁለቱንም ናሙና እኩል ጊዜ ሰቅላችሁ አንጠባጥቡና አወዳድሩ፤ ቁጥራችሁ ከአቅራቢው ወረቀት ጋር አይገጥምም፣ ማን እንደሚበልጥ ግን ያሳያል። ባዶ ከረጢትም አብራችሁ ንከሩ፣ የራሱን ውሃ ለመቀነስ። ለ0.2 ግራም ደግሞ የወርቅ ቤት ዓይነት ሚዛን ያስፈልጋል፤ የወጥ ቤት ሚዛን አይሆንም።

ከሁሉ የሚበልጠው ሁለተኛው ነው፦ በክብደት ስር ያለው መጠጣ። የውስጥ ስፋቱ 60 ሚሊሜትር የሆነ የፕላስቲክ ሲሊንደር ውሰዱና ታቹን በደቂቅ የማይዝግ ብረት ወንፊት ዝጉት። 0.9 ግራም ዱቄት ወለሉ ላይ እኩል በትኑ። በላዩ ላይ ሳይጣበቅ የሚንሸራተት ክዳን፣ በክዳኑ ላይ ክብደት። በስኩዌር ሴንቲሜትር 49 ግራም የሚሆነውን የኢንዱስትሪውን ከባድ መለኪያ ለማግኘት ክዳኑና ክብደቱ በድምሩ 1.39 ኪሎ ይሁኑ፤ ለቀላሉ 0.59 ኪሎ ይበቃል። ሲሊንደሩን ሳላይን በጠጣ የማጣሪያ ወረቀት ላይ አስቀምጡት፤ ከወረቀቱ ስር ፈሳሽ የሚያሳልፍ የሸክላ ሰሌዳ ይኑር፣ ፈሳሹም እስከ ሰሌዳው አናት ብቻ ይድረስ። ከአንድ ሰዓት በኋላ መዝኑና የጨመረውን በ0.9 አካፍሉ። በከባዱ ክብደት ስር 20 እጥፍና ከዚያ በላይ የሚይዝ ዱቄት ቆዳው በደንብ የተሠራ ነው። 10 እጥፍ እንኳን መድረስ ያቃተውን ብርጭቆ ላይ ያሳየው ትርዒት ምንም ቢሆን ለሚታዘል ልጅ አትጠቀሙበት።

ሦስተኛው ወንፊት ነው። የ850 እና የ150 ማይክሮን ወንፊቶች የመንገድና የሕንፃ ግብዓት በሚፈትኑ የአፈር ላብራቶሪዎች ዘንድ የተለመዱ ናቸው፤ ቁጥር 20 እና ቁጥር 100 ይሏቸዋል። ከቃሊቲ እስከ ዱከም ባለው መስመር ይህን የሚሠራላችሁ ላብራቶሪ ማግኘት የሚከብድ አይመስለኝም። 100 ግራም አስነፉና ከ150 በታች ያለፈውን መዝኑ። ከመቶው ጥቂት ግራም ከሆነ ደህና ነው፤ አሥርና ከዚያ በላይ ከሆነ አቅራቢው ብናኙን ከዋናው ዱቄት ጋር ቀላቅሎ ሸጦላችኋል ማለት ነው። አቅራቢውን ስትጠይቁም በሴንትሪፉጅ የተለካውን፣ በክብደት ስር የተለካውን፣ የቅንጣት መጠን ስርጭቱንና የቀረውን ሞኖመር መጠን በጽሑፍ ጠይቁ። የመጨረሻው የልጅ ቆዳ ጉዳይ ነውና አትለፉት፤ ከሚሊዮን በብዙ መቶ የሚቆጠር ብቻ ሊሆን ይገባል፣ ሺዎች ከሆነ አትግዙ።

በእጃችሁ ያለው ዱቄት እስኪያልቅ ድረስ የምታደርጉት አለ። ዱቄቱ መሃል ላይ ተከምሮ ከሆነ በፐልፑ፣ ማለትም ከእንጨት በሚሠራው ጥጥ መሰል ክር፣ ውስጥ በትኑት፤ የፐልፕ ክር ቅንጣቶቹን አራርቆ ለፈሳሹ መንገድ ይሠራል። ልፍስፍስ ሳፕ በበዛ መጠን የሚያስፈልገው ፐልፕም ይበዛል። ከላይኛው ጨርቅ ስር ፈሳሹን ተቀብሎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያሰራጭ ስስ ንብርብር ከሌላችሁ ጨምሩ። ዳይፐሩ ይወፍራል፣ ወጪውም ይጨምራል። ሆኖም የእናቶችን እምነት አንዴ ካጣችሁ በቅናሽ ዋጋ አትመልሱትም።

አሁን ወደ አክሪሊክ አሲዱ።

ሐሳባችሁ የሚያስመሰግን ነው፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው። አንድ የሕፃን ዳይፐር 12 ግራም ሳፕ ቢወስድ አንድ ቶን ከ80 ሺህ በላይ ዳይፐር ይሠራል፤ ያ ሁሉ ዶላር እዚሁ ቢቀር ማን ይጠላል? ችግሩ ዕቃው ነው። አክሪሊክ አሲድ የሚገኘው ከነዳጅ ውጤት ከሆነው ፕሮፒሊን በሁለት ደረጃ ኦክሲዴሽን ነው፤ አገራችን ደግሞ የፔትሮኬሚካል ፋብሪካ የላትም። ስለዚህ ከባሕር ማዶ በጅቡቲ በኩል ይመጣል፤ እዚያ የበጋው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። አሲዱ ሲሞቅ ሁለት ሁለት ሆኖ እየተጣመረ ዳይመር ይፈጥራል። ዳይመሩ ዱቄቱ ውስጥ ይገባና በማድረቂያው ሙቀት ተመልሶ ሲፈርስ ቀድሞ ያልኳችሁ የሞኖመር ቅሪት ይጨምራል። ይህ ቀላሉ ችግር ነው።

ከባዱ፣ አሲዱ በራሱ ጊዜ ፖሊመር መሆን ይችላል። እንዳይሆን ኤም ኢ ኤች ኪው የሚባል ገቺ ይጨመርበታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሚሊዮን 200 እጅ። ይህ ገቺ የሚሠራው ደግሞ የተሟሟ ኦክስጅን ካለ ብቻ ነው። ለደኅንነት ብሎ በርሜሉን በናይትሮጅን የሞላ ሰው ገቺውን አሰናከለው ማለት ነው። ማከማቻው ከ15 እስከ 25 ዲግሪ መሆን አለበት። ለምን ከ15 በታች አይወርድም ብትሉ፣ አክሪሊክ አሲድ በ13 ዲግሪ ገደማ ይረጋል። ከኅዳር እስከ ጥር የገላን ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ በቆርቆሮ ሼድ ውስጥ ያለ በርሜል ሲነጋ ረግቶ ልታገኙት ትችላላችሁ። ሲረጋ ገቺው ወደ ፈሳሹ ክፍል ይሸሻል፤ ጠጣሩ ያለ ጠባቂ ይቀራል። ያን ጊዜ አንድ ሠራተኛ በቅንነት በእንፋሎት ወይም በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ላሟሟው ቢል፣ ገቺ የሌለበት ትኩስ አሲድ በዝግ በርሜል ውስጥ ፖሊመራይዜሽን ይጀምራል። ይህን ማቆም አይቻልም። የሚሟሟው ለብ ባለ ውሃ፣ ቀስ ተብሎ፣ እየተቀላቀለ፣ አየር እያገኘ ነው። በከፊል ከቀለጠ በርሜልም ቀድቶ መጠቀም ክልክል ነው።

ይህ ማስፈራሪያ አይደለም። እ.ኤ.አ. መስከረም 29 ቀን 2012 ጃፓን ሂሜጂ በሚገኘው የኒፖን ሾኩባይ ፋብሪካ የአክሪሊክ አሲድ ታንከር ፈንድቶ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሞቷል፣ 36 ሰዎች ቆስለዋል። ያ ኩባንያ በዓለም ከታወቁት የአክሪሊክ አሲድና የሳፕ አምራቾች አንዱ ነው። ታንከሩ ውስጥ ያለው አሲድ እኩል ሳይቀዘቅዝ ቀርቶ ላይኛው ክፍል እየሞቀ ሄዶ ነበር። እንዲህ ያለ ልምድና መሣሪያ ባለበት ቦታ የሆነ ነገር ጎረቤቱ የዱቄትና የብረታ ብረት ሥራ በሆነበት የኪራይ ሼድ ውስጥ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ሥራው ራሱም ሙቀት ነው። አሲዱን በኮስቲክ ሶዳ ስትገሩት ይሞቃል፤ እየቀዘቀዘ መሄድ አለበት። ፖሊመራይዜሽኑ በአንድ ሞል ወደ 77 ኪሎጁል ይለቃል። 35 በመቶ ሞኖመር ላለበት ውህድ ስታሰሉት፣ ሙቀቱ የሚወጣበት ካጣ ጄሉን በ90 ዲግሪ ገደማ ከፍ ያደርገዋል። ገላን ባለበት ከፍታ ውሃ የሚፈላው 100 ሳይሞላ፣ በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። በባሕር ጠለል ላይ የተጻፈ የምርት መመሪያ እዚህ ሲተገበር እንፋሎቱ ቀድሞ ይነሳል፣ ጄሉ ይቦርቃል፣ ትኩስና ሥጋን የሚያቃጥል ፈሳሽ ይረጫል። በቂ የማቀዝቀዣ ሥርዓት ላለው ፋብሪካ ይህ የሚስተካከል ነገር ነው፤ በባልዲና በማማሰያ ለሚሠራ ሰው ግን የዓይን ብርሃን የሚያሳጣ ነው። የቅንጣቱን ቆዳ ለመሥራት የምትጠቀሙበት የግላይሲዲል ውህድም የሰውን ቆዳ የሚያስቆጣና አለርጂ የሚያስነሳ ነው፤ ያለ ዝግ መርጫና የአየር መሳቢያ አይነካም።

ስለ ኮስቲክ ሶዳው ስትጠይቁኝ የአቢጃታን ሶዳ አሽ ያሰባችሁ ትመስሉኛላችሁ። ሶዳ አሽም አሲዱን መግራት ይችላል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚለቅ ጄሉን ቀዳዳ ቀዳዳ ያደርገዋል፣ ቶሎ የሚጠጣ ቅንጣት ለማግኘትም ካርቦኔትን ሆን ብለው የሚጨምሩ አሉ። ግን የአገር ውስጥ ግብዓት የሆነው ርካሹ ግማሽ ነው፤ ውዱም አደገኛውም አሲዱ ነው።

ፈጽሞ አትሞክሩ እያልኩ አይደለም። አክሪሊክ አሲድ የሌለበት መነሻ አለ። ሲ ኤም ሲ የሚባለው የሴሉሎስ ውጤት ለምግብም ለሳሙናም ስለሚውል ይገኛል። እሱን ከሃይድሮክሲኤቲል ሴሉሎስ ጋር በውሃ በጥብጦ፣ በሲትሪክ አሲድ አስተሳስሮ፣ 80 ዲግሪ አካባቢ ባለ ምድጃ ማብሰል ይቻላል። የሚወጣው ውሃ ይጠጣል፣ አፈር ውስጥም ይበሰብሳል። ጉልበቱ ከአክሪሌቱ ስለሚያንስ ስስ ዳይፐር አይሠራበትም። ለቡና ወይም ለደን ችግኝ ማፍያ ከረጢት ግን መሞከር ይገባዋል፤ ሶዲየሙ ለአፈር ስለማይበጅ መጠኑን አሳንሱ፣ ማዳበሪያ ከጨመራችሁ በኋላም ለኩት፣ የማዳበሪያው ጨው መጠጣውን ይቀንሰዋልና። እዚያው አጠገባችሁ ቂሊንጦ በኩል የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ 5 ኪሎ ደግሞ የአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት። የኬሚካል ምህንድስና ተማሪ ለመመረቂያ ሥራው ርዕስ ይፈልጋል፤ እናንተ ደግሞ ለክታችሁ የምትገዙበት ቤተ ሙከራ ትፈልጋላችሁ። የተመለሰባችሁን ዳይፐርና ሁለቱን ናሙናዎች ይዛችሁ ሂዱ። ቅንጣትን በክብደት ስር መለካት የሚችል ሰው በአገር ውስጥ ሳይኖር ቅንጣት ማምረት አይጀመርም፤ ከዚያ መጀመር ይሻላል።

ስለ ወለሉ። ውሃ አታፍስሱበት፤ እያንዳንዱ ግራም ተነፍቶ ወለሉን ሰው የሚያንሸራትት ጄል ያደርገዋል፣ የፍሳሽ ቱቦ ውስጥ ከገባም ይደፍነዋል። ደረቁን ብናኝ በማያስነሳ የኢንዱስትሪ ቫኪዩም አንሱት። መጥረጊያ ብናኙን ወደ ሳንባ ይልካል፤ ኢንዱስትሪው ራሱ ወደ ሳንባ ለሚገባው ደቂቅ የሳፕ ብናኝ ያስቀመጠው ወሰን በአንድ ሜትር ኩብ አየር 0.05 ሚሊግራም ብቻ ነው፣ ስለዚህ ዱቄቱን ወደ ማሽኑ የሚገለብጠው ሠራተኛ ማስክ ያድርግ። በክረምት ደግሞ አየሩ ራሱ ውሃ ነው፤ የተከፈተ ከረጢት ሳይታሰር አይደር፣ ከመሬት ከፍ ባለ ፓሌት ላይ ይቀመጥ። የፈሰሰው አንዴ ርሶ ጄል ከሆነ ጨው ነስንሱበት፤ የወጥ ጨው ይሠራል፣ ካልሲየም ክሎራይድ ይበልጣል። ጄሉ የያዘውን ውሃ ለቆ ሲኮማተር በአካፋ ሰብስባችሁ ከደረቅ ቆሻሻው ጋር አስወግዱት፤ የቀረውን ውሃ በጨርቅ ጥረጉት።